የሩብ ዙር ደብተር

ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው አጥር ጥግ
ቢተው የአየር ጠመንጃውን ይዘረጋል፣ ቅዳሜ ሲመሽ፣ እንደ ወግ።
ጣውላው ላይ የቢራ ቆርኪ፣ በክር የተንጠለጠለ፤
«ሦስት የመታ ማስቲካ፣ አምስት የመታ ብስኩት አለ!»
እኔ ፖምፓው ላይ ነኝ። ሥራዬ መንፋት ነው፤
ጉልበቴን ወደ ብረት ሆድ መገልበጥ ነው፣ ሌላ ምን ነው?
መቶ ሃያ ጊዜ ወደ ታች፣ መቶ ሃያ ጊዜ ወደ ላይ፣
ጌጁ ሁለት መቶን እስኪነካ፣ ላቤ ጫማዬ ላይ እስኪታይ።

በመጀመሪያው ዓመት ብሎኑን ጥርቅም አድርጎ አጠበቀው፤
አዘዞ ጋራዥ ያደገ እጅ ልል ብሎን አይወድም፣ ምን ታረገው?
ሞላው ተጨቆነ፤ መዶሻው ቫልቮላውን በኃይል መታ፣
ቆርኪው ተበሳ፣ ጣውላው ተሰነጠቀ፣ ጎረምሳው ጮኸ በደስታ።
ግን ሃያ ነበር። ሃያ ተኩስ፤
ከዚያ እርሳሷ ትዝላለች፤ ታያታለህ ከቆርኪው ዝቅ ብላ ጣውላ ስትልስ።
«ጋሼ፣ አተኳኮሴ ልክ ነበር!» ይላል ደንበኛ፤
ቢተው «አየሩ ነው ያለቀው» አይልም፤ ብቻ ወደ እኔ ያያል እንደ ዳኛ።
እኔም ወደ ፖምፓው።

አንድ ማታ ደብተር ገዛ፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ፣ ጀርባው ላይ ማባዣ፤
ብሩጎላውን ከኪሱ አወጣ፤ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ ጻፈው እንደ ሐኪም ማዘዣ።
ሩብ ሲላላ፣ ሃያ አራት።
ግማሽ ሲላላ፣ ሠላሳ።
አንድ ሙሉ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ቆርኪው አሁንም የሚበሳ።
ሁለት ዙር ላይ መበሳቱን ተወ፤ ይሾራል ብቻ እንደ እንዝርት፣
ሃምሳ አንድ! ፖምፓው ላይ ተቀመጥኩ፤ ለካ እንዲህ ነው ዕረፍት።
ሦስት ዙር ሲላላ ግን እርሳሷ ቀረች መሃል አፈሙዝ፤
በሽቦ ገፍተን አወጣናት፣ እሱ እየሳቀ፣ እኔ ሳግዝ።
የእህቱን ጥፍር ቀለም ለምኖ ብሎኑ ራስ ላይ ምልክት አደረገ፤
«ከዚህ ንቅንቅ የለም» አለ፣ ግማሽ ዙር መልሶ፣ እጁን ጠረገ።

አንድ ነገር ደግሞ ያልገባኝ፤ ከልክ በላይ ስነፋ
የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ሰነፎች ናቸው፤ ጉልበታቸው ከመሃሎቹ የከፋ።
«አየሩ ራሱ በሩን ይገፋዋል» አለኝ፣ «መዶሻው አቅም ያጣል፤
ጥጋብም በር ይዘጋል።»

ለምን እንደሚያላላ ጠየቅሁት። «አየር ለመቆጠብ» አለ።
አመንሁት። ትከሻዬ ነበር ያመነው፤ ሌላው አካሌ መች አስተዋለ።

አጠገባችን ሽታዬ አለች፤ ለውዝ በጣሳ ትሰፍራለች፤
ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታለች።
በጠባቁ ብሎን ዘመን፣ ጠመንጃው «ጧ!» ባለ ቁጥር
ጣሳው ከእጇ ያመልጣል፤ ለውዙ ይበተናል ምድር።
ትለቅማለች፤ አትናገርም። አንድ ቀን ብቻ፣ ዝም ብላ ቆይታ፣
«ቀሃን በሌሊት ስንሻገር...» አለች፤ ከዚያ ሰፈረች፣ ሌላ ጣሳ ሞልታ።

ጎረምሶች አጉረመረሙ፤ «ይቺ ጠመንጃ አረጀች፤
ድሮ እንደ አንበሳ ታገሳ ነበር፣ አሁን እንደ ጉንፋን ሰው አስነጠሰች።»
ገቢው? መጀመሪያ ቀነሰ። ከዚያ ልጃገረዶች መጡ፣ የማራኪ ተማሪዎች፣
ቆርኪ ሲሾር የሚያስቃቸው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው አነጣጣሪዎች።

ዘንድሮ የቢተው ዓይን ደክሟል፤ ብሎኑን እኔ ነኝ የምነካው፤
ደብተሩን ሰጠኝ፣ ማባዣው ሳይቀር ግራሶ የነካካው።
ገጽ አሥራ አንድ፦ «ሁለት ዙር ተኩል። ሃምሳ ስምንት።
የመጨረሻዎቹ አራት ዝቅ ይላሉ፤ ከፍ አድርገህ አልም።»
ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ ልትጠፋ በተቃረበች ጽሕፈት፦
«ጣሳው አልወደቀም።»